በርሜሉ ሳይበርድ

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ለወንድም ጋሼ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ እንቅልፍህስ፣ ያ የጉልበትህ ነገርስ? ባለፈው ስትደውል «ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው የሚያመኝ» ብለህ አቃለልኸው፤ የአክስታችን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስለማውቅ ግን «ብቻ» የምትለዋ ቃል አላጽናናችኝም። ሥራስ እንዴት ይዞሃል? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ መሬት መቀየሱ ዘንድሮም አልቀረልህም? እጮኛህስ ደኅና ናት? ፈተናዋን ጨረሰች? እኛ፣ ከአንድ ነገር በቀር፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለዚያ ስለ አንዱ ነገር ነው።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅህ፤ ጽሑፌ እንደ ወትሮው ወጥ አይሆንልህም። የምጽፈው ከጓሮው ጠረጴዛ ላይ ነው። የአባባ የጭስ በርሜል ከፊቴ ቆሟል፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እሳቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። በየሃያ ደቂቃው እየተነሣሁ ሙቀቱን አያለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ተቀምጬም እግሬ አያርፍም። እማዬ ከኩሽናው በር ላይ ሆና «አንቺ ልጅ፣ ፍርምባው ነው የሚበስለው ወይስ አንቺ?» ብላኛለች። አባባ መኝታ ቤታቸው ናቸው፤ መጋረጃውን ዘግተዋል። በስምንት ሰዓት ደግሞ አሮጌ ብረት ገዢው ጋሪውን እየገፋ መጥቶ በርሜሉን ሊወስድ ተቀጥሯል። እሳቱን ያነደድሁትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጋለ በርሜል ማንም አንሥቶ ጋሪ ላይ አይጭንም።

እንዴት እዚህ እንደ ደረስን ከሥሩ ልንገርህ። በርሜሉን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት አባባና አንተ ባዶውን ከዘይት ነጋዴው አምጥታችሁ ወገቡን በብረት መጋዝ ስትከፍሉት፣ ማጠፊያ ስትበይዱለት፣ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁና ደረጃው ላይ መጽሐፍ ይዤ «ድምፁን ቀንሱ» እያልሁ አስቸግራችሁ ነበር። የመጀመሪያው ሥጋ ውጪው ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ወጣ። ጎረቤታችን ባለ ልኳንዳው ቀምሶ «እኔ አንድ ጊዜ ያረድሁትን በሬ እናንተ ዳግመኛ አረዳችሁት» ያለውን እስከ ዛሬ ይደግመዋል። አንተ ስትሄድ ነገሩ ሁሉ የሚቆም መስሎን ነበር፤ አባባ ግን በጤናቸው ሳሉ አንድ ቅዳሜ እንኳ አላስታጎሉም። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ከክዳኑ በላይ አስረው፣ ራሳቸው እየራሱ ቆመው ጠብቀዋል።

እኔና እርሳቸው በዚህ በርሜል ምክንያት ስንከራከር መኖራችንን በስልክም ቢሆን ሳትሰማ አልቀረህም። በመጀመሪያ ደመወዜ ቴርሞሜትር ገዝቼ ክዳኑ ላይ ባስገጥምላቸው፣ «ሠላሳ ዓመት በሰው ግቢ እየዞርሁ የውኃ ቆጣሪ ሳነብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ደግሞ ቅዳሜዬንም ቆጣሪ ላንብብበት?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። እኔም ቁጥር የሌለው ነገር ለሌላ ሰው አይተላለፍም ብዬ ተሟገትሁ፤ ማስታወሻ ደብተር ከፍቼ የእንጨቱን ዓይነት፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን መመዝገብ ጀመርሁ። «ዳኛዋ» የሚለውን ስም ያወጡልኝ ያን ጊዜ ነው። የእርሳቸው ዘዴ ሌላ ነበር። መዳፋቸውን ከክዳኑ በላይ ዘርግተው ይቆጥራሉ፤ ስምንት ሳይደርሱ እጃቸውን ካሸሹ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ ያሸታሉ። ደግ ጭስ ፀሐይ ያደረቀው የኮክ ልጣጭ ይሸታል፣ ክፉው ግን እርጥብ ጨርቅ ነው፣ አፍንጫን ይሰነፍጣል ይሉ ነበር። እኔም ላሽትት ስል «አፍንጫ በደብተር አይጻፍም፤ ሂጂ ቁጥርሽን ቁጠሪ» እያሉ ያባርሩኛል።

ከአምስት ወር በፊት ጽኑ ጉንፋን ይዟቸው ሁለት ሳምንት ተኙ። ከተነሡ በኋላ አንድ አዲስ ልማድ አመጡ። ክዳኑን ገለጥ ያደርጉና «እስቲ ዳኛዋ፣ ምን ምን ይላል?» ብለው ይጠሩኛል። እኔም አሸትቼ እናገራለሁ፤ «ይሰነፍጣል» ካልሁ የበርሜሉን መተንፈሻ ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ «ጣፍጧል» ካልሁ ሥጋውን ፍርግርጉ ላይ ያኖራሉ። ወንድም ጋሼ፣ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። ከዚያ ሁሉ ዓመት ክርክር በኋላ ማስተማር የጀመሩ መሰለኝ። ማተሚያ ቤት ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር «አባቴ በመጨረሻ ሙያውን ሊያስረክበኝ ነው» ብዬ አውርቻለሁ። ደብተሬ ውስጥ «የአፍንጫ ትምህርት» የሚል ርእስ ጽፌ ከሥሩ በሁለት ቀለም አስምሬበታለሁ።

አንተ የደወልኸው በዚህ መካከል ነው። እጮኛህንና ወላጆቿን ይዘህ እንደምትመጣ፣ ሁለቱ ቤተሰብ በእኛ ጓሮ እንደሚተዋወቅ ነገርኸን፤ «ሥጋውን ግን ከአባባ በቀር ማንም እንዳይነካው፤ ስለ እርሳቸው ጭስ ለእነዚህ ሰዎች ስነግራቸው ዓመት ሆኖኛል» አልህ። አባባ «እሺ፣ እሺ ልጄ» አሉህ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ወጥተው በርሜሉ አጠገብ ቆሙ፤ ክዳኑን ከፈቱ፣ ባዶውን በርሜል ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ ዘጉት። እኔ ከመስኮት እያየሁ ደስታ ነው አልሁ።

አሁን ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ መልሼ ስለዚያ ቅዳሜ ልነግርህ ነው፤ እጅግም አልሄደልኝም፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ተመልሻለሁ። ሁልጊዜ የምናጨስበት የኮክ እንጨት አልቆ ነበርና አባባ ከአናጢው ደጅ ትራፊ እንጨት አምጥተው ፈለጡ። ደረቅ ነበር፣ መልኩም ንጹሕ ነበር። በኋላ እንደ ተረዳነው ግን ከአሮጌ የጣሪያ ማገር የተቆረጠ፣ የምስጥ መድኃኒት የጠጣ ኖሯል። መድኃኒቱ ቀለም የለውም። ዓይን አያየውም፤ አፍንጫ ያለው ሰው ግን ገና ሲፈልጠው ይወረውረዋል።

እኔ በዚያ ሰዓት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበርሁ። የአንድ መማሪያ መጽሐፍ ረቂቅ ሰኞ ጠዋት ማስረከብ ነበረብኝና ቀይ ብዕር ይዤ አርማለሁ። አባባ ክዳኑን ገልጠው «ዳኛዋ፣ ምን ምን ይላል?» አሉኝ። እኔም «ጥሩ ነው» አልኋቸው። እንግዲህ ለማንም ያልተናገርሁትን ለአንተ ልጻፍልህ፤ አላሸተትሁም። ከወረቀቱ ላይ ቀና እንኳ አላልሁም። አንድ የመድኃኒት ሽታ ሽው ያለኝ መስሎኝ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መስኮቷን የምታስቀባ መስሎኝ አለፍሁት። የቴርሞሜትሩ ቁጥር ልክ ነበር፤ ልክ በሆነ ቁጥር ተማምኜ ያላየሁትን አየሁ አልሁ። በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ ብትጎድል የማላልፍ እኔ ነኝ ይህን ያደረግሁት።

ሥጋው ገና ሳይመሽ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቀረበ። እንደ ወትሮው ባለ ልኳንዳውና ልብስ ሰፊዋ መጥተው ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጎረሰችና መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች። የባለ ልኳንዳው መንጋጋ ቆመ። እማዬ «ምነው፣ መድኃኒት መድኃኒት አለኝሳ?» አለች። አባባ ሁለተኛውን ቁራጭ ጨርሰው ሦስተኛውን እያነሡ ነበር፤ በፈገግታ፣ «የምን መድኃኒት አመጣሽ ደግሞ! ብሉ እንጂ፣ ዛሬ እንዲያውም ልቤን ሰጥቼ ነው የሠራሁት» አሉ። ማንም አልነካም። ባለ ልኳንዳው በዚህ ጓሮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳይሳደብ ያለፈበት ቅዳሜ እንደሌለ ታውቃለህ። ያን ቀን ስድብ ሲያጣ አየሁት። ወደ አባባ ጠጋ ብሎ፣ ሰምቼው በማላውቅ ለስላሳ ድምፅ፣ «አንተ… አይሸትህም እንዴ?» አላቸው።

አባባ ሥጋውን ሳህኑ ላይ መለሱት። እጃቸውን ታጠቡ። ፎጣውን አጣጥፈው ቦታው ላይ ሰቀሉት፤ ገቡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ምን ይላል?» ያሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስሁ። ማስተማር አልነበረም። ዓይኑ የጠፋበት ሰው የሌላ ሰው ትከሻ እንደሚይዝ ይዘውኝ ኖሯል፤ እኔ ግን ትከሻዬን ሳልነግራቸው አሸሸሁ።

ለሁለት ቀን ሆዳቸውን አሟቸው ነበር፣ አሁን ድነዋል፤ በዚህ አትስጋ። ሐኪም ዘንድም ሄደናል። ጉንፋኑ የሽታውን ነርቭ ጎድቶታል፣ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ለዚህ የሚታዘዝ ክኒን የለም አለን። አባባ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብለው ጠየቁት፤ ሐኪሙ «አይታወቅም» ብሎ ካርዱን መለሰላቸው። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ የአውቶቡሱን መስኮት እያዩ ነበር።

በሳምንቱ ጠሩኝ። «ለወንድምሽ ጻፊለት» አሉኝ። «የበርሜሉ ታችኛው ወገን በዝገት ተበልቶ ወደቀ፣ ከእንግዲህ ለሥራ አይሆንም በይው። ምግቡን ከሆቴል ያስመጣ።» እኔም በርሜሉ ደኅና መሆኑን ተናገርሁ። «ደኅና መሆኑን ማን አጣው? ጻፊ ነው ያልሁሽ» አሉ። ያልሆነውን ሆነ ብዬ እንደማልጽፍ፣ ከፈለጉ ዝም ልል እንደምችል፣ ከዚያ አልፌ ግን እንደማልሄድ ነገርኋቸው። ከዚያ «እንግዲያው እውነት እንዲሆንልሽ አደርገዋለሁ፤ በርሜል የለም ብለሽ ስትጽፊ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አሉኝ። በማግስቱ አሮጌ ብረት ገዢውን ከበር አስቁመው ሲያነጋግሩት አየሁ። እማዬ ሰምታ «አባትና ልጅ ከአንድ ጨርቅ የተቀደዳችሁ ናችሁ፤ እኔ ምን አግብቶኝ መካከላችሁ ገባሁ!» ብላ በሩን ዘጋችብን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ማተሚያ ቤት አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ አንብቤ የምዕራፉ ቁጥር መዘለሉን ሳላይ አሳለፍሁ፤ አለቃዬ «ምነው፣ ዓይንሽን ለሰው አዋስሽው?» አለኝ። እሺ ብዬ ብጽፍላቸው ኖሮ በርሜሉ አይሸጥም ነበር እላለሁ። ደግሞ እሺ ብዬ ብጽፍ አንተ ከዚያ ማዶ ሆነህ አዲስ በርሜል ገዝተህ ልትልክ ትችላለህ፤ ያን ጊዜ ምን ሊሉ ነው እላለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ ሁልጊዜ አጠገቤ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ከእርሳቸው ተደብቆ መንገርም እንደ መዋሸት ሆነብኝ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ወደ ልኳንዳው ጎራ ብዬ ፍርምባ ጠየቅሁ። ባለ ልኳንዳው «ለአባትሽ ነው?» አለኝ። «አይ፣ እኔ ነኝ የማጨሰው» ስለው ቢላዋውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝና «በመጽሐፍ?» አለ። በመጽሐፍም በአፍንጫም አልሁት። «እንግዲያው ስብ የበዛበትን ልስጥሽ፤ ነውርሽን ይሸፍንልሻል» ብሎ ጠቀለለልኝ። ወጥቼ ስሄድ ከኋላዬ «በርሜሉን አሳልፈሽ እንዳትሰጪ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰልፉ ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

አሁን ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የበርሜሉ ሙቀት መቶ አሥራ አምስት ነው፤ ሥጋው ውስጥ የተከልሁት መለኪያ ግን ስልሳ ስምንት ላይ ቆሟል፤ ከአራት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድ ዲግሪ እንኳ ፈቀቅ አላለም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ሥጋው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ያቀዘቅዘዋል፣ እስኪደርቅ ድረስ ይቆማል፤ መታገሥ ብቻ ነው የሚሻለው። ራሴ አንብቤ ራሴ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። እጄ ግን አልታዘዘኝም። ሁለት ጊዜ እንጨት አንሥቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ለጥቂት ጊዜ ልነሣ ነው።

ዳግመኛ የተቀመጥሁት አሁን፣ አሥር ሰዓት ሲሆን ነው። ወረቀቱ ላይ ለምታየው ጥላሸት ይቅርታ፤ እጄን ታጥቤ ነበር፣ አልለቀቀም። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልህ።

አንድ ሰዓት ያህል በርሜሉን ስዞር ቆየሁ፤ ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልሁም፤ ሁለት ጉማጅ እንጨት ፍሙ ላይ ጨመርሁ፣ መተንፈሻውንም እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከክዳኑ ዙሪያ እንደ ጥጥ የተጠቀጠቀ ነጭ ጭስ ወጣ፤ የቴርሞሜትሩ ቀስት እየሮጠ መቶ ስልሳን አለፈ። አሮጌ ብረት ገዢው ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የደረሰው በዚያው ቅጽበት ነው። ሸምገል ያለ፣ ጓንቱን ቀበቶው ላይ የሰካ ሰው ነው። ጋሪውን አቁሞ ከጭሱ ውስጥ ፈለገኝና «እሜቴ፣ እኔ የተቀጠርሁት ለበርሜል ነው፤ ለባቡር ነው እንዴ?» አለኝ። እስኪበርድ ሦስት አራት ሰዓት እንደሚፈጅ ነገርሁት። ሳቀ። «ገባኝ፤ ለምን እንደ ለኮስሽውም ገባኝ» አለና የጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «የልጅ ልጆቼም ጫማዬን የሚደብቁብኝ ልሄድ ስል ነው።»

የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ሲገለጥ አላየሁም። የኋላው በር ተበርግዶ የአባባን ድምፅ ሰማሁ፦ «ዳኛዋ! ምን እያደረግሽ ነው? ቤት ልታቃጥዪ ነው? ዝጊው! መተንፈሻውን ዝጊው ነው የምልሽ!» በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡ። መቆንጠጫውን ከእጄ ቀሙኝ፤ ሁለቱን ጉማጅ አውጥተው ባልዲው ውስጥ ከተቱ፣ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ገፉት፣ መተንፈሻውን በአውራ ጣት ውፍረት ልክ አስቀሩት። ከዚያ መዳፋቸውን ከክዳኑ በላይ ዘረጉ። በአምስት ሸሸ። ጠበቁ። በስድስት። ጠበቁ። ስምንት ሲደርሱ ቀስቱን ተመለከትሁ፤ መቶ አሥራ አምስት ላይ ነበር። እርሳቸው ቀስቱን አላዩትም።

ከዚያ፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ወደ እኔ ዞሩና «አሁንስ ምን ምን ይላል?» አሉኝ። የተናገሩትን ራሳቸው ሰምተው ደነገጡ፤ መቆንጠጫውን ሊያስቀምጡ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አሸተትሁ። ቸኩዬ አልመለስሁም። ከፊት የሚሰነፍጥ ነገር እንዳለው፣ ከኋላው ግን እንደ ደረቀ ቅጠል ያለ ሽታ ብቅ እንደሚል ነገርኋቸው። «የሚሰነፍጠው እስኪለቅ ሥጋውን አትንኪው» አሉ። አሮጌ ብረት ገዢውም ከተቀመጠበት አንገቱን ሰገግ አድርጎ «ከፈቀዳችሁልኝ፣ ለእኔ ምሳ ሰዓት ይሸተኛል» አለ። አባባ ሳይወዱ ሣቁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነው።

ጭሱ እስኪጠራ ሦስታችን ቆመን ጠበቅን። ያን ጊዜ ካልተናገርሁ መቼም እንደማልናገር ገባኝ። ያን ቅዳሜ ሲጠይቁኝ እንዳላሸተትሁ፣ ያላሸተትሁትን ጥሩ ነው ብዬ እንደ መለስሁ፣ ሥጋውን ያበላሸሁትም በእንግዶች ፊት ያዋረድኋቸውም እኔ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። አባባ ከበርሜሉ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ «አውቃለሁ» አሉ። «ቀና አላልሽም። አይቼሻለሁ።» ታዲያ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው። ፍሙን ነካክተው፣ «ብቆጣሽ ለምን ተቆጡ ልትይኝ ነው። እኔም የማይሸተኝ መሆኑን ልነግርሽ ነው። ከዚያ ይልቅ ሥጋው ቢበላሽ ቀለለኝ» አሉ።

በስምንት ሰዓት ተኩል ጭሱ ቀጠነ፤ ሰማያዊ ሆኖ፣ አሻግሬ የጎረቤትን ግድግዳ የማይበት ያህል ሳሳ። ሽታው ጣፈጠ፤ ደጋግሜ አሽትቼ ነው የምልህ። የሥጋው መለኪያም ስልሳ ዘጠኝ አለ፣ ከዚያ ሰባ፤ እየተጓዘ ነው። አሮጌ ብረት ገዢው ተነሥቶ ጓንቱን ከቀበቶው ነቀለ። በመዳፉ ጀርባ በርሜሉን ነካ አደረገና ዘለለ። «ጌታዬ፣ እኔ የምገዛው የሞተ ብረት ነው፤ ይሄ ገና ይተነፍሳል። የሞተ ዕለት ጥሩኝ» አላቸው። አባባ ገብተው የቆየውን የብረት አልጋ እግር በእግር ፈታትተው አወጡለት፤ ጋሪው ላይ አብረው ጫኑ። እማዬም ሥጋው ሲደርስ ተመልሶ እንዲመጣ አዝዛ ሸኘችው። «አልቀርም፤ አፍንጫዬ መንገዱን ያውቀዋል» ብሎ ሄደ፤ ከዚያ የተናገረው ትዝ ብሎት ከበሩ ዞሮ አባባን በእጁ ይቅርታ ጠየቀ። አባባ «ሂድ አንተ!» አሉት።

ቆይተው ከአጠገቤ ተቀመጡና የምጽፈውን ወረቀት አዩ። ለአንተ እንደምጽፍ፣ የጻፍሁትንም ከፈቀዱ እንደማነብላቸው ነገርኋቸው። አነበብሁላቸው፤ እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ፣ ቃል በቃል ነው የማሰፍረው፦ «ላኪው። አፍንጫው የለም በይው፣ ላይመለስም ይችላል በይው። እሺ ያልሁት ግን ሳያውቅ ለጠየቀኝ ነው፤ ያን እሺታ መልሼ ወስጃለሁ። አሁን አውቆ የሚፈልገኝ ከሆነ ዳግመኛ ይጠይቀኝ። የማይፈልግ ከሆነም ቅር አልሰኝም፤ ብቻ በሆቴል ምግብ አታሽሞንሙኑት።»

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ የእኔ ልመና ይህ ነው። ይህን አንብበህ ወዲያው ስልክ አታንሣ። አዝነህላቸው እሺ አትበል፤ ድምፅህን ያውቁታል፣ ያዘንህላቸው እንደሆነ ከሁለተኛው ቃልህ ላይ ይይዙሃል። በእጮኛህ ወላጆች ፊት መጥፎ ሥጋ የመቅረብ ዕድል እንዳለ አልደብቅህም። እኔ ከዛሬ ጀምሮ እስክትመጡ ያሉትን ስምንት ቅዳሜዎች አጠገባቸው እቆማለሁ፣ ረቂቅም ይዤ ወደ ጓሮ አልወጣም፤ ሆኖም የእኔ አፍንጫ የአሥራ አራት ዓመት አፍንጫ አይደለም፤ ልሳሳት እችላለሁ። እጃቸውና ዓይናቸው ግን ዛሬ በፊቴ ተፈትኖ ከቴርሞሜትሩ አንድ ዲግሪ እንኳ አልጎደለም። ይህን ሁሉ አመዛዝነህ፣ ከእጮኛህም ጋር ተማክረህ፣ እውነተኛ የሆነውን መልስ ስጣቸው። «አይሆንም» ከሆነም «አይሆንም» በላቸው፤ ችለው ይቀበሉታል ብዬ አምናለሁ። የማይችሉት ማስመሰሉን ነው።

ደብዳቤው በስንት ቀን እንደሚደርስህ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል። አሥራ አንድ ቀን ገደማ ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩ። አሁን ተነሥተው በርሜሉን እየዞሩ ናቸው፤ ሥጋው ሰማንያ ስምንት ደርሷል፤ በየደቂቃው «ዳኛዋ፣ ነይ አሽትቺ» እያሉ አላስጽፍ ብለውኛል።

ለአክስታችን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልኬ ሆኖልኛል። ለባለቤቷ የከበረ ሰላምታዬን አድርስ፤ የወገቡ ሕመም እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ። ሁለቱን መንትዮች ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ፎቶግራፉ ጀርባ ላይ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ለእጮኛህ፣ እኔ ገና ያላየችኝ እኅቷ፣ ናፍቆቴን ልኬያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ብታነብባት አልቃወምም። እማዬ «ጉልበቱን በሞቀ ውኃ ያሽ፣ ይብላ፣ ሥራ አይብዛበት» ብላሃለች። ባለ ልኳንዳውና ልብስ ሰፊዋም በያሉበት ሰላም ይሉሃል።

የአባባን ሰላምታ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ እጄን ያዙኝ። መልስህን ከሰሙ በኋላ ራሳቸው እንደሚነግሩህ ብቻ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

አክባሪህ ታናሽ እኅትህ

ከቤታችን፣ ከጓሮው ጠረጴዛ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል